ስለ ጣሪያችን የሚደውለው እንግዳ ሰው

እንግሊዝ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የታወቀ አንድ የስልክ ጥሪ አለ። ደዋዩ ስሙን ፈጠን አድርጎ ይናገርና «የምደውለው ስለ ቤትዎ ሙቀት መጠበቂያ ነው፤ መዝገባችን እንደሚያሳየው ጣሪያዎ ውስጥ ያለው ጊዜው አልፎበታል» ይላል። ስለዚህ ጥሪ በተማሪዎች መጽሔት ላይ መጻፋችን የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር ምክንያታችን ቀላል ነው። በብዙዎቻችን ቤት እንግሊዝኛው ሲከብድ ስልኩ የሚሰጠው ለተማሪው ነው። «እስቲ አንተ አናግረው ልጄ፤ ስለ ቤቱ ነው የሚለው» ይባላል። ከዚያ በኋላ እኛ «እሺ» ያልነው የቤቱ እሺታ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ጉዳዩን ከወላጆቻችን ቀድመን እኛ ልናውቀው ይገባል።

በመጀመሪያ ሙቀት መጠበቂያ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? አዲስ አበባ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያደገ ሰው ከኮርኒሱ በላይ የሚያውቀው የዝናቡን ድምፅና የአይጥን ሩጫ ነው፤ እዚያ ላይ ብርድ የሚከላከል ነገር ይነጠፋል ብሎ አያስብም። እንግሊዝ አገር ግን የቤቱ ሙቀት ወደ ላይ እንዳያመልጥ በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ባለው ባዶ ቦታ ከመስታወት ወይም ከድንጋይ ጭረት የተሠራ ጥጥ መሰል ነገር ይነጠፋል። ዛሬ የሚመከረው ውፍረት 270 ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህ ጥጥ እንደ መድኃኒት የሚያልፍበት ቀን የለውም፤ ሳይረጥብና ሳይታመቅ እስከተቀመጠ ድረስ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ያገለግላል። ውፍረቱ ቢያንስ ሌላ ይደረብበታል እንጂ ሁሉም ተነሥቶ ይጣል አይባልም። እንግዲህ «ጊዜው አልፎበታል» የሚለው የደዋዩ የመጀመሪያ ቃል ከመነሻው ዋጋ የለውም ማለት ነው።

ዳሩ ግን ነገሩ ሁሉ ውሸት ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ የጥሪው ጉልበት ከእውነት ጋር መቀየጡ ነውና። ሁለት እውነተኛ ችግሮች አሉ። አንደኛው በጣሪያው እንጨት ላይ ተረጭቶ የሚጠነክረው አረፋ ነው። ይህ አረፋ ያለ ጥንቃቄ ከተረጨ አየር እንዳይዘዋወር ያግዳል፤ እርጥበት ያፍናል፤ እንጨቱንም ስለሚሸፍነው መበስበስ አለመበስበሱን ማየት ያስቸግራል። በዚህም የተነሣ ቤት በመያዣ ይዘው ገንዘብ ከሚያበድሩት ድርጅቶች ብዙዎቹ አረፋ ያለበትን ቤት ለመቀበል ያመነታሉ ወይም እምቢ ይላሉ። ትናንት አረፋውን ለመርጨት ይደወል ነበር፤ ዛሬ አረፋውን ለማስነሣት ይደወላል።

ሁለተኛው ችግር የግድግዳው ነው። የብሪታንያ ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት በኦክቶበር 2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ዘገባ፣ በሁለት የመንግሥት የቤት ማሻሻያ ፕሮግራሞች ግድግዳቸው ከውጭ ከተሸፈነላቸው ቤቶች 98 ከመቶ የሚሆኑት፣ ከውስጥ ከተሸፈነላቸው ደግሞ 29 ከመቶ የሚሆኑት እርማት የሚያሻ ከባድ ጉድለት እንዳለባቸው ገልጿል። ይህ በእውነቱ አሳፋሪ ነው፤ ሰዉ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሆኖም አንባቢ ልብ ይበል፤ ዘገባው በእነዚህ ቁጥሮች የሚናገረው ስለ ግድግዳ ነው። ደዋዩ ግን «መንግሥት ራሱ አምኗል» ብሎ በግድግዳው ይጀምርና ሳይታወቅ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ከዚህም ሌላ መንግሥት የተበላሸው ሥራ የሚታረመው በቤቱ ባለቤት ወጪ እንዳልሆነ አስታውቋል። ስለዚህ በዚህ ዘገባ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከዘገባው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

አንዳንድ ጊዜ ደዋዩ በእርግጥ ስለ ቤታችን የሚያውቀው ነገር አለ። ይህም ብዙዎችን ያሳምናል፤ «ካላወቀማ እንዴት ጣሪያችን ምን እንዳለበት ነገረን?» ይላሉ። ምሥጢር የለውም። በእንግሊዝና በዌልስ ለሽያጭ ወይም ለኪራይ የሚቀርብ ቤት ስለ ሙቀት አጠባበቁ የምስክር ወረቀት ይወጣለታል። ይህም ወረቀት ማንም ሰው በአድራሻ ፈልጎ ሊያነበው በሚችል መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል። የጣሪያው ጥጥ ውፍረት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ሳይቀር እዚያ ሊጻፍ ይችላል። ደዋዩ ያነበበውን እኛም በነፃ ልናነበው እንችላለን።

ደዋዩ ለጊዜው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ነፃ ምርመራ» ለማድረግ ቀጠሮ መያዝ። በቀጠሮው ቀን የሚመጣው ሰው ትሕትና የተመላበት ነው፤ ጫማውን ሁሉ ያወልቃል። በእጁ ሁለት መርፌ ያላት የእርጥበት መለኪያ ይዟል። እንጨቱ ላይ ሲሰካት ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ቀይ መብራት ይበራል። ይህች መሣሪያ ሐሰተኛ አይደለችም፤ አስተርጓሚዋ ነው የሚያጠራጥረው። በክረምት ከመታጠቢያ ቤትና ከማድ ቤት የሚወጣው እርጥብ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛው እንጨት ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጥቂቱ ያለ ነው፤ አየር ካለ ይደርቃል። የሚያሳስበው የእንጨቱ እርጥበት ከ20 ከመቶ በላይ ሆኖ ሳይደርቅ ሲቆይ ነው። ለእንጨት የተሠራችውን መለኪያ በልስን ወይም በጡብ ላይ ከሰኳት ደግሞ፣ በውስጡ ባለው ጨው ምክንያት ብቻ ከፍተኛ ቁጥር ልታሳይ ትችላለች። ብዙ ጊዜ መፍትሔው በጣሪያው ጠርዝ ላይ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ የደፈነውን ጥጥ ገፋ ማድረግ ነው። ሰውየው ግን የሚያቀርበው በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ የሚያወጣ ሥራ ነው። ፎቶግራፍም ያሳያል፤ የማን ጣሪያ እንደሆነ ግን እናት ሊያረጋግጡ አይችሉም፤ መሰላል አይወጡምና። በሽታውን የሚያገኘውና መድኃኒቱን የሚሸጠው አንድ ሰው በሆነበት ቤት፣ በሽታ ሳይገኝ የሚታደርበት ቀን ጥቂት ነው። ጣሪያው በእርግጥ ካሳሰበ ምንም የማይሸጥ፣ በሙያው ማኅበር የተመዘገበ የቤት መርማሪ ከፍሎ ማስመርመር ይሻላል።

ቤቱ የካውንስል ወይም የማኅበር ከሆነ፣ ወይም ተከራይተን የምንኖርበት ከሆነ ይህ ሁሉ ሐተታ አያስፈልግም። ጣሪያው የአከራዩ ነው፤ «ባለቤቱን አነጋግር» ማለት ይበቃል።

ሕጉስ ምን ይላል? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የወጣው ደንብ፣ ቴሌፎን ፕሪፈረንስ ሰርቪስ በሚባለው መዝገብ ለገባ ቁጥር ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለሽያጭ መደወልን ይከለክላል። ምዝገባው በነፃ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እስኪሠራ እስከ 28 ቀን ይፈጃል። ደዋዩ የማን ድርጅት እንደሆነ የመናገር፣ ቁጥሩንም የማሳየት ግዴታ አለበት። በመኪና የተቀዳ ድምፅ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ ካልተገኘ ጭራሹን ክልክል ነው። ደንቡን የሚያስከብረው የኢንፎርሜሽን ኮሚሽነር ቢሮ ነው፤ የቅጣቱ ወሰን ለረጅም ጊዜ 500,000 ፓውንድ ነበር፤ በ2025 የወጣው ሕግ ብዙ እጥፍ ከፍ እንዲል ደንግጓል። እኛ ሁሉም እንዲመዘገብ እንመክራለን፤ ነገር ግን መዝገቡ አጥር አይደለም። ሕግ የሚያከብረውን ነጋዴ ያስቆማል፤ የማያከብረው ቁጥሩን ለውጦ ይደውላል። እንግዲያው ከተመዘገብን በኋላም የሚደውልልን ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ በዚያው ታወቀ።

የቀረው የእኛው የይሉኝታ ጉዳይ ነው። ወላጆቻችን ሰው እየተናገረ ስልክ መዝጋትን እንደ ነውር ያዩታል፤ «ምስኪን፣ እንጀራው ነው» ይላሉ። መልካም ጠባይ ነው፤ ነገር ግን እሱ በዚያ መካከል «ቤቱ የራስዎ ነው? ከማን ጋር ይኖራሉ? ዕድሜዎ ስንት ነው?» እያለ ይጠይቃል፤ መልሱም ለሌላ ደዋይ ሊሸጥ ይችላል። እኛ በቤታችን ያደረግነው ይህን ነው፤ በስልኩ አጠገብ በፊደላችን «ኖ ታንክ ዩ፤ ዊ ዶንት ባይ ኦን ዘ ፎን፤ ጉድባይ» ብለን ጽፈን ለጥፈናል። ምስጋናም ስንብትም ስላለበት የሚያሳፍር አይደለም። ስልኩ ለተማሪው ሲሰጥም መተርጎም አያስፈልግም፤ ይህንኑ ተናግሮ መዝጋት ነው።

ውል አስቀድሞ ከተፈረመስ? አንዲት የምናውቃቸው እናት 800 ፓውንድ ቀብድ ከፍለው ነበር። ልጃቸው ወረቀቱን ያየችው በ9ኛው ቀን ነው፤ በዚያው ዕለት በጽሑፍ አሰረዘችላቸው፤ ገንዘቡም ተመለሰ። በ2013 በወጣው የሸማቾች ደንብ መሠረት በስልክ ወይም በቤት ውስጥ የተደረገን የአገልግሎት ውል ምክንያት ሳይሰጡ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። ሻጩ ይህን መብት ካላስታወቀ ጊዜው እስከ 12 ወር ይራዘማል። «ነገ እንጀምርልዎ» የሚለው ችኮላ የሚመጣውም ከዚሁ ነው፤ በ14ቱ ቀን ውስጥ ሥራው እንዲጀመር በፈቃዳችን ከጠየቅን ለተሠራው ያህል መክፈል ሊኖርብን ነው። የተከፈለው በክሬዲት ካርድ ሆኖ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይና ከ30,000 ያልበለጠ ከሆነ፣ በ1974ቱ የብድር ሕግ መሠረት ካርዱን የሰጠውም ድርጅት አብሮ ይጠየቃል። በባንክ የተላከ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር በ159 ደውሎ ባንኩን ማግኘት ያሻል፤ በእንግሊዝና በዌልስ ስለ ውሉ ምክር የሚሰጠው የሲቲዝንስ አድቫይስ ነፃ ስልክ ደግሞ 0808 223 1133 ነው።