ብልጭ ድርግም የምትለው መብራት

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሹንሳኩ ታሚያ በ90 ዓመታቸው ሲያርፉ የሪሞት መኪና ውድድር ከአባቶቹ አንዱን አጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኩባንያቸው የመጀመሪያዋ የሪሞት መኪና ፖርሽ 934 ገበያ የወጣችው በ1976 መጨረሻ ነው፤ 2026 ላይ ሃምሳ ዓመት ይሞላታል። ታሚያ ለዚያች ሞዴል ልኬት ሲሉ እውነተኛ ፖርሽ ገዝተው ብሎን በብሎን ፈታተዋታል። አራቱም ጎማዋ በሞተር የሚዞረው የኩባንያው ቲኤ01 በ1991 መጣች፤ አሠራሯን የወረሰችው ከ1990ዋ የአፈር ሜዳ መኪና ከማንታ ሬይ ነበር። በዚህች መኪና አዲስ ዘመን ተጀመረ፤ ቱሪንግ ካር የምንለው ዘርፍ የተስፋፋውም በዚህ መንገድ ነው። ስለ ጥንቱ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔን የሚስበኝ ግን ዛሬ የአንድ ክለብ ጠረጴዛ ላይ የሚሆነው ነው።

የቱሪንግ ካር መኪና የእውነተኛዋ አንድ አሥረኛ ናት። ስፋቷ 190 ሚሊሜትር ያህል፣ ክብደቷ ባትሪዋንና የላይ ሽፋኗን ጨምሮ 1.3 ኪሎ አካባቢ ነው። ሻንሲዋ ከካርቦን ፋይበር ወይም ከአሉሚኒየም የተቆረጠ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው፤ የሞተሩን ኃይል ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያደርሱት በአብዛኛው ሁለት ቺንጋዎች ናቸው። እንግሊዝ አገር ብርዱን ወራት ብዙ ክለቦች በትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተው ይሮጣሉ፤ በጋ ሲሆን ወደ አስፋልት ይወጣሉ። አንድ ውድድር አምስት ደቂቃ ነው። ነጂዎቹ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ተራው ያበቃ ሰው ሪሞቱን አስቀምጦ ወደ ሜዳው ይወርድና ለሚቀጥለው ምድብ የተገለበጡ መኪኖችን ያነሳል። ከዚህ ግዴታ የቀረ ሰው በብዙ ክለቦች ጥሩ ውጤቱ ይሰረዝበታል፤ ይገባዋልም።

ስፖርቱ ብዙ ቅርንጫፍ አለው። ፎርሙላዎቹ፣ አጫጭሮቹ የሚኒ መኪኖች፣ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዱት፣ በነዳጅ የሚሠሩት ሁሉ የየራሳቸው ወዳጅ አላቸው። የነዳጆቹን ድምፅ የሚወዱ ሰዎች ይቅር ይበሉኝና እዚያ ብዙ አልቆይም። ለጀማሪ የምመክረው የታሚያን ቲቲ02 ነው፤ ከ2013 ጀምሮ አለች፤ ፕላስቲክ ገንዳ የመሰለ ሻንሲ ያላትና በቺንጋ ፈንታ በዘንግ የምትነዳ ርካሽ መኪና ናት። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በልኬት የሚኖር ዓለም ነው።

የዚያ ዓለም የመጀመሪያው ሥራ መኪናዋ ግራና ቀኟ እኩል መሆኑን ማረጋገጥ ነው። አዲስ ሰው ወዲያው ሞላ ልለውጥ፣ ዘይት ልለውጥ ይላል፤ ሻንሲው የተጣመመ ከሆነ ግን የሚለውጠው ነገር ሁሉ ውሸት ይነግረዋል። ፍተሻው ቀላል ነው። መኪናዋን ፍጹም ለጥ ባለ መስታወት ላይ ያስቀምጧታል፤ ከፊት መሐል ለመሐል በቢላ ጫፍ ቀስ ብለው ያነሷታል። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ከመስታወቱ ከተነሱ ደህና ናት። አንዱ ቀድሞ ከተነሳ የላይኛውን ሰሌዳ ብሎኖች አላልቶ፣ መኪናዋን መስታወቱ ላይ አሳርፎ እንደገና ማጥበቅ ነው፤ ካልበቃ የሞላዎቹ መወጠሪያ ይስተካከላል። ከዚያ ሚዛን ይመጣል። ባትሪው በአንድ በኩል፣ ሞተሩና የፍጥነት መቆጣጠሪያው በሌላው ስለሆኑ ቀለል ያለው ጎን ላይ ትንንሽ የእርሳስ ወይም የናስ ቁራጭ ይለጠፋል። ይህን ያልሠራ ሰው መኪናዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ ጨዋ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ባለጌ ትሆንበትና ጥፋቱን ጎማው ላይ ይጥላል።

ቀጥሎ ያለው በማንኛውም ጋራዥ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው። የሻንሲው ከፍታ ከመሬት 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ያህል፤ ካምበር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ዲግሪ ወደ ውስጥ የዘመመ፤ የኋላ ጎማዎች አፍንጫቸው ከሁለት እስከ ሦስት ዲግሪ ወደ ውስጥ፤ የፊቶቹ ቀጥ ያሉ ወይም በጣም ትንሽ ወደ ውጭ። የፊት ዲፈረንሻል ቦታ ላይ ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ የሚያስር ስፑል ይገባል። የኋላው ዲፈረንሻል በወፍራም የሲሊኮን ዘይት ይሞላል። ዘይቱ በወፈረ ቁጥር ሁለቱ ጎማዎች እንደ አንድ ይዞራሉ፤ መኪናዋ ኃይል ሲሰጣት ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ከመጠን ካለፈ ግን ጅራቷ ይሸሻል።

ከሁሉም የምወደው ድሩፕ የሚባለው ነው፤ መኪናዋ ብትነሳ ጎማው ምን ያህል ወደ ታች ይንጠለጠላል የሚለው ልኬት። ሰው ዓይኑ ሞላ ላይ ስለሚያርፍ ይህን ይዘነጋል። የኋላው ድሩፕ ሰፋ ሲል፣ ነጂው የፍጥነት መጫኛውን ሲለቅ የኋላው ክፍል ከፍ እያለ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ መኪናዋም ወደ መታጠፊያው ትገባለች። ሲጠብ ክብደቱ እንደልቡ አይሄድም፤ መኪናዋ ፈጣንና ቁጡ ትሆናለች። ልዩነቱ በግማሽ ሚሊሜትር የሚቆጠር ነው። ምንጣፍ ላይ ያጥብቡት፣ አቧራማ አስፋልት ላይ ያስፉት የሚባለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ክርክር ልምጣ። የክለብ ውድድርን ዛሬ ያለውን መልክ የሰጠው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ካርቦን ያለው የድሮ ሞተር ቀርቶ ካርቦን የለሹ ሲመጣ የክለብ ምድቦች በሽቦው ጥምጥም ቁጥር ተከፈሉ፤ 21.5፣ 17.5፣ 13.5 እየተባለ። ቁጥሩ ሲያንስ ሞተሩ ይፈጥናል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሁሉም 17.5 ከገጠመ ሁሉም እኩል ነው። ነገር ግን በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ማግኔት የት እንደደረሰ ሴንሰር ለፍጥነት መቆጣጠሪያው ይነግረዋል፤ መቆጣጠሪያውም በዚያ መሠረት ለጥቅልሉ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ኤሌክትሪኩ ከሰዓቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ሲደርስ ሞተሩ ይፈጥናል፤ ያን ያህልም ይግላል። ወደ 2010 አካባቢ የመቆጣጠሪያ ሠሪዎች ይህን ቅድሚያ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር የሚጨምር ፕሮግራም አወጡ። የክለቡ ቀርፋፋ ሞተር በረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ የዋና ነጂዎቹን ሞተር ያህል መብረር ጀመረ። አዲሱን ፕሮግራም ያልጫነ ሰው በመንዳት ሊያካክሰው የማይችለው ልዩነት ተፈጠረ። ሞተር ይቃጠላል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ ጀማሪውም በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል።

መፍትሔው ቀላልነቱ ያስደንቀኛል። መቆጣጠሪያው ያ ቅድሚያ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ላዩ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም እንድትል ተደረገ። ተቆጣጣሪው ኮምፒውተር ሳይዝ፣ ብሎን ሳይፈታ፣ ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ይበቃዋል። ምድቡም ስሙን ከዚያች መብራት ወሰደ፤ ብሊንኪ ይባላል። የዩሮ ቱሪንግ ሲሪስ ውድድርም ለአንድ ምድቡ ይህንኑ ሥርዓት ተቀብሎታል።

ሕጉን የሚቃወሙት ሰዎች የሚሉት አላቸው፤ ከመቆጣጠሪያው የተወሰደው ፉክክር ወደ ሞተሩ ዞረ ይላሉ። እውነት ነው። ከአንድ ፋብሪካ ከወጡ ሞተሮች የተሻለውን መርጦ መግዛት፣ ጠንካራ ማግኔት ማሳደድ፣ የጥርስ ቁጥር እየቀየሩ የሞተሩን ሙቀት በዲግሪ መከታተል መጣ። ትልቁ ጥርስ 96፣ የሞተሩ ትንሽ ጥርስ 48፣ የመኪናዋ የውስጥ ሬሾ 1.9 ከሆነ ሞተሩ 3.8 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በብሊንኪ ምድብ የዚህች ቁጥር ሁለተኛ አሃዝ ላይ ሰዎች ሰዓት ያጠፋሉ። ያም ሆኖ እኔ ከመብራቷ ጋር ነኝ። የሞተር ልዩነት አንድ ነጂ ድሩፑን በትክክል ቢለካና መታጠፊያ ውስጥ ባይገጭ ሊያካክሰው የሚችል ነው፤ የፕሮግራሙ ልዩነት እንደዚያ አልነበረም። ሰው ወደ መስታወቱና ወደ ቢላው የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

የጎማው ነገር ገና አልተቋጨም። አብዛኞቹ ክለቦች ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ የመጣ አንድ ዓይነት ጎማ ብቻ ይፈቅዳሉ፤ ጎማው ላይ ግን መያዣ የሚጨምር ቅባት ይቀባል፣ በማሞቂያ ይጠቀለላል። ስንት ደቂቃ ይቆይ፣ ሙሉው ይቀባ ወይስ የፊቱ ግማሽ ብቻ የሚለው ጥያቄ ከሞላ ለውጥ ይበልጣል። ቅባቱ የሚሸት ከሆነ አዳራሽ የሚያከራዩ ትምህርት ቤቶች ቅር ይላቸዋል፤ ስለዚህ ብዙ ክለብ ሽታ የሌለውን ብቻ ይፈቅዳል። ምንጣፉ ከመጠን በላይ ሲይዝ ደግሞ መኪናዋ መታጠፊያ ላይ ትገለበጣለች። መድኃኒቱ የሚያስገርም ነው፤ የፊት ጎማዎቹ የውጭ ጎን ላይ ሱፐር ግሉ ቀብቶ ማድረቅ። የደረቀው ማጣበቂያ ስለማይይዝ መኪናዋ ከመገልበጥ ይልቅ ትንሸራተታለች።

አንድ ነገር ግን አልወድም፤ የሻምፒዮኖችን የዝግጅት ወረቀት መገልበጥ። ማርክ ራይንሃርድ በታሚያ መኪና በ2004፣ በ2008 እና በ2010 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የእንዲህ ያለ ነጂ ወረቀት የተጻፈው ለዚያ ቀን መንገድ፣ ለዚያ ሙቀትና ለእሱ ጣቶች ነው። የክለብ ሰው ያንን ቁጥር አቧራማ አስፋልት ላይ ሲያደርገው መኪናዋ ሊይዛት የማይችላት ቁጡ ትሆንበታለች፤ ከዚያ አሥር ነገር በአንድ ጊዜ ይለውጣል፣ የቱ እንደጠቀመው አያውቅም። የፋብሪካው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው መነሻ ይሻለዋል። ከዚያ በአንድ ልምምድ አንድ ለውጥ፣ ለውጡን ደብተር ላይ መጻፍ፣ የአምስቱን ደቂቃ አማካይ ከቀድሞው ጋር ማስተያየት። ፈጣኗን አንድ ዙር አይቶ የሚደሰት ብዙ ነው፤ ማጣሪያው የሚቆጥረው ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ የተሠራውን የዙር ብዛትና ሰዓት ነው። ለስለስ ያለ የፊት ሞላ፣ ትንሽ ሰፋ ያለ የኋላ ድሩፕና ያልተጣመመ ሻንሲ ይዞ ዙሮቹን ሁሉ ሳይገጭ የጨረሰ ሰው፣ ሦስት ጊዜ ተገልብጦ መኪና አንሺ የጠበቀውን ፈጣን ሰው በማጣሪያው ሰሌዳ ላይ ከኋላው ያገኘዋል።