መካከለኛ ተዳፋት በምን ይለካል?

ከምድር ወገብ እምብዛም በማትርቀው ናይሮቢ ተቀምጦ ስለ በረዶ ሸርተቴ መጻፍ ለአንዳንድ ጓዶች እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን ናጋኖ በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ፣ በ10 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ ጉዞ 92ኛና የመጨረሻ ሆኖ ሲገባ፣ አሸናፊው ኖርዌያዊ ቢዮርን ዴሊ ከመድረሻው ላይ ቆሞ ጠብቆ አቅፎታል። የእኛም ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቶሪኖ ኢትዮጵያን ወክሎ በዚሁ ስፖርት ተሰልፏል። ኬንያ ተወልዳ ኦስትሪያ ያደገችው ሳብሪና ሲማደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ ኮሪያ ፒዮንግቻንግ በቁልቁለት ሸርተቴ ለኬንያ ተወዳድራለች።

ዛሬ በዚህ የቤተሰብ አምድ የምናነሣው ግን የውድድሩን ነገር አይደለም። ይህ ስፖርት የተራራን መንገድ መዝኖ ለጀማሪ፣ ለመካከለኛና ለበረታ ብሎ የሚለይበት ሥርዓት አለው። ከናይሮቢ ለእሑድ ሽርሽር ወደ ንጎንግ ወይም ወደ ሎንጎኖት ለሚወጣ ቤተሰብም ይኸው መለኪያ ይጠቅመዋል እንላለን። ወታደሩ በጉዞ ልምምድ በጠነከረ እግሩ ለክቶ «ቀላል ነው» ያለውን ዳገት፣ ባለቤቱና ልጁ በጉልበታቸው ሲከፍሉለት የምናየው ጥቂት ጊዜ አይደለምና። (በአንዳንድ ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን እናውቃለን፤ ኋላ የሚቀረው ባል ነው።)

በአውሮፓ ሰማያዊ ቀለም የቀላል፣ ቀይ ደግሞ የመካከለኛ ተዳፋት መለያ ነው። በጀርመንና በኦስትሪያ ደንብ መሠረት ከአጫጭር ክፍሎች በስተቀር ሰማያዊው ከ25 በመቶ፣ ቀዩ ከ40 በመቶ ማለፍ የለበትም። 25 በመቶ ማለት በአግድም 100 ሜትር ሲኬድ 25 ሜትር መውረድ ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን የመካከለኛው ምልክት፣ ሰማያዊው አራት ማዕዘን፣ የሚሰጠው የዚያኑ ተራራ ሌሎች መንገዶች በማነጻጸር ነው። በመሆኑም በአንዱ ተራራ ሰማያዊ የተባለው በሌላው ከባድ ሊባል ይችላል። ልምድ ያላቸው ተንሸራታቾችም በምልክቱ ብቻ አይረኩም። መንገዱ ሰፊ ነውን? ተዳፋቱ ወጥ ነው ወይስ አንድ ስፍራ ላይ ድንገት ይሰበራል? ማለዳ እንደ መስታወት የጠነከረው በረዶ ከቀትር በኋላ ይላሽቃልን? የደከመው ሰው ተገንጥሎ የሚወርድበት መውጫ አለውን? አማካዩ 15 በመቶ የሆነ መንገድ በመካከሉ ገደል መሰል 50 ሜትር ካለው፣ ለመካከለኛው ሰው ሊመዘን የሚገባው ያ 50 ሜትር ነው።

በካርታ ንባብ የሠለጠነ ወታደር ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የከፍታ መስመሮች ተጠጋግተው የተሰመሩበትን ስፍራ ፈልጎ ማየት ነው። የኬንያ ተራራ የሲሪሞን መንገድ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ከመግቢያው እስከ ኦልድ ሞሰስ ሰፈር 9 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከፍታው ከ2,650 ወደ 3,300 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ሲካፈል 7 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው መንገዱን ለልጅ እንኳ ይፈቅድ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከሺፕተን ሰፈር፣ ከ4,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ 4,985 ሜትር ወደሚደርሰው ወደ ሌናና የሚወስደው የመጨረሻው ዳገት፣ በአጭር ርቀት 800 ሜትር ያህል የሚያወጣ፣ አየሩም የሳሳ ነው። በዚህ ከፍታ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽም ያጋጥማል። የሲሪሞንን መንገድ መካከለኛ ብለን ለቤተሰብ አንሰጥም።

ንጎንግ ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን ቦይትና ሮቤል ለተወዳደሩበት ዓይነት መንገድ አንድ ሦስተኛው ዳገት፣ አንድ ሦስተኛው ቁልቁለት፣ የቀረው ወጣ ገባ እንዲሆን ይሻል። የንጎንግ ኮረብታዎች ጫፋቸው 2,460 ሜትር ሲሆን፣ መንገዱ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው እየወጣና እየወረደ ይሄዳል። የደከመው በየጉብታው መካከል ያርፋል፤ ወደ መጣበት መመለስም ይችላል። ነፋሱ ግን ብርቱ ነውና ለልጆች ሹራብ አይረሳ።

እውነተኛው የመካከለኛ ሰው ፈተና ሎንጎኖት ነው። ከመግቢያው እስከ እሳተ ገሞራው አፋፍ 3.1 ኪሎ ሜትር፣ አፋፉን ዞሮ ለመመለስ 7.2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመግቢያው ተነሥቶ እስከዚያው ለመመለስ በጠቅላላው 13.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መሬቱ ልል የእሳተ ገሞራ አቧራ በመሆኑ ሲወጡ ያልታወቀው ሲወርዱ ያንሸራትታል፤ ያውም ጉልበት በዛለበት ሰዓት። ጥላ የለም፤ ውኃም ከቤት ነው የሚያዘው። 2,776 ሜትር ወደሚደርሰው ጫፍ ሲቃረቡ መንገዱ ጠብቦ ይቆማል፤ ከአፋፉ ዙሪያ ግማሽ ላይ የደከመ ሰው ወደፊት ቢሄድም ወደ ኋላ ቢመለስም ርቀቱ እኩል ነው። ስለዚህ ውሳኔው መሰጠት ያለበት ዙሩ ሳይጀመር፣ አፋፉ ላይ እንደተደረሰ ነው። የመጨረሻው ሰው እስኪደርስ ተጠብቆ፣ እርሱ ወይም እርሷ ከተጠየቁ በኋላ ይወሰን። መልሱ «ይበቃኛል» ከሆነ፣ እዚያው ምሳ ተበልቶ፣ በጉድጓዱ ውስጥ የበቀለው ደን ቁልቁል ታይቶ፣ በመጡበት 3.1 ኪሎ ሜትር ይወረዳል።