መብራት ሲጠፋ ሕይወት እንዳይጠፋ
(ስለ ቤት ጀነሬተር አያያዝ)

የኤሌክትሪክ ብርሃን ወደ አገራችን መጀመሪያ የገባው በወንዝ ግድብ ሳይሆን በጀነሬተር ነው። በ1890 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የበራው በዚሁ ሞተር ኃይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፎ፥ 5150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን ኃይል መመንጨቱና ያው ኃይል ከየቤቱ መድረሱ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በገጠር ምሰሶ በነፋስ ሲወድቅ፥ ሽቦ በዛፍ ቅርንጫፍ ሲበጠስ፥ ትራንስፎርመርም ሲቃጠል መብራት ይጠፋል፤ መንገዱ ሩቅ ሲሆንም ጠጋኙ ቶሎ አይደርስም።

ስለዚህ ዐቅም ያለው ሁሉ ለክፉ ቀን ጀነሬተር ገዝቶ ያኖራል። በጤና ጣቢያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ የሚገባው ክትባት እንዳይበላሽ፥ በሌሊት የምትወልድ እናትም በጨለማ እንዳትቸገር ይረዳል። በቤተ ክርስቲያንም ማኅሌት በሚቆምበት ሌሊት ያገለግላል። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን መልካም አገልጋይ የሆነው ይህ ሞተር፥ ቦታውን ከሳተ ጌታውን የሚገድል መሆኑን ያላወቀ ሰው ብዙ ነው።

የሚገድለውም በጭሱ ነው። ቤንዚን በሞተር ውስጥ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። የሰው ደም ኦክሲጅንን ከሚይዝበት ኃይል ይልቅ ይህን መርዝ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋልና፥ ሰው እየተነፈሰ ሳለ ታፍኖ ይሞታል። በተዘጋ ቤት የከሰል ምድጃ አንድዶ የተኛ ሰው በማለዳ ሞቶ ሲገኝ የገደለው ይኸው መርዝ ነው። የጀነሬተር ጭስ ግን ከከሰሉ ይልቅ የበረታ ስለ ሆነ፥ መስኮት በመክፈት ብቻ አይመለስም።

እንግዲህ ሰው ይህን ሞተር ስለ ምን ወደ ቤት ያገባዋል? ሁሉም ባለማወቅ አይደለም። አንደኛ፥ ሌባ እንዳይወስድበት ይፈራል። ሁለተኛ፥ ዝናብ እንዳያበላሸው ይሠጋል። ሦስተኛ፥ ጩኸቱ ጎረቤትን እንዳያውክ ያፍራል። ሦስቱም ምክንያቶች እውነተኞች ናቸው። ስለዚህ «ከውጭ አኑሩት» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም፤ ለሌባው፥ ለዝናቡና ለጩኸቱም መልስ መስጠት ያስፈልጋል።

ይህ ፈተና የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በሀብትና በዕውቀት በገፋችው በአሜሪካ እንኳ፥ በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. ሎራ የተባለው ዐውሎ ነፋስ የሉዊዚያናን ግዛት በመታ ጊዜ፥ ከሞቱት ሰዎች ብዙዎቹን የገደለው ነፋሱ ሳይሆን ከነፋሱ በኋላ የሠራው የጀነሬተር ጭስ ነበር። በሌክ ቻርልስ ከተማ ሞተሩን ከቤት ጋራ በተያያዘው የመኪና ማደሪያ ውስጥ ያሠሩ ቤተ ሰቦች አልቀዋል። ማዕበሉን ያመለጡ ሰዎች በመብራታቸው ሞቱ።

መድኃኒቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ሞተሩን ከቤት፥ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር አርቆ፥ የጭሱን መውጫ ሰው ከሌለበት ወገን ማዞር ነው። ለዝናቡ አራት ምሰሶ አቁሞ ከላይ ቆርቆሮ ማልበስ ይበቃል፤ ግድግዳ ግን አይደረግለት። ለሌባው በሲሚንቶ በተተከለ ብረት ላይ በወፍራም ሰንሰለት ማሰር ነው። ጩኸቱም በርቀቱ ይቀንሳል። ዘበኛ ቢኖር በአጠገቡ ይጠብቀው እንጂ፥ ብርድ ሸሽቶ ሞተሩ ካለበት ክፍል ገብቶ በሩን ዘግቶ አይተኛ። በቤተ ክርስቲያንም ሞተሩን በዕቃ ቤት ወይም በቤተ ልሔም ውስጥ ማሠራት ለአገልጋዮቹ ሕይወት አደጋ ነው። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ራሱን ያመመው፥ ያዞረው ወይም ያቅለሸለሸው ሰው ቢገኝ፥ ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያሻል።

ሁለተኛው አደጋ ከባለቤቱ ይልቅ በሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። አንዳንድ ሰው የጀነሬተሩን ሽቦ በግድግዳው ሶኬት ሰክቶ ቤቱን በሙሉ ያበራል። በዚህ ጊዜ ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንደሩ መስመር ይወጣል፤ ከትራንስፎርመሩም ሲደርስ 220 ቮልት የነበረው እስከ 15000 ቮልት ከፍ ሊል ይችላል። መስመሩ ኃይል የለውም ብሎ በምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ በዚህ ይሞታል። ሊረዳን የመጣውን ሰው በገዛ ቤታችን ብርሃን መግደል እንዴት ያለ ነገር ነው! ስለዚህ ወይ ባለሙያ ጠርቶ ከመንግሥት መስመርና ከጀነሬተር አንዱን ብቻ የሚያገናኝ መቀየሪያ ማስገባት፥ ወይም ዕቃውን በቀጥታ ከሞተሩ ጋራ ማገናኘት ይገባል።

ደግሞም ሸክሙን መመጠን ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3500 ዋት ያህል ይፈልጋልና፥ 2000 ዋት የሚሰጥ ትንሽ ጀነሬተር አይችለውም። ያው ሞተር ግን ብዙ አምፖሎችንና አንድ ማቀዝቀዣን ያለ ችግር ይሸከማል። ቤንዚን የሚጨመርም ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ነው፤ ጧፍና ፋኖስ ይዞ ወደ እርሱ መቅረብ እሳት መጥራት ነው።

በየወረዳው የምትገኙ ሹማምንት ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ጀነሬተር በምታድሉበት ጊዜ፥ መጠለያውን፥ ሰንሰለቱንና መቀየሪያውን በአንድ ሒሳብ አብራችሁ ብትይዙ የብዙ ሰው ሕይወት ታድናላችሁ። ሞተሩን ሰጥቶ መጠለያውን መንፈግ፥ ሞተሩን ወደ ቤት አግቡት እንደ ማለት ነውና። ካህናት አባቶችም ሕዝቡ ቃላችሁን ስለሚሰማ፥ ክረምት ሳይገባ ይህን ነገር በዐውደ ምሕረት ብትነግሩት ትምህርቱ ከየቤቱ ይደርሳል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ የምንጠነቀቀው ዛሬ፥ መብራቱ ሳይጠፋ ነው።