የፋፋ ልጅና ጤነኛ ልጅ
ስለ ሕፃናት ውፍረትና ስለ ቀበሌ የምግብ ምክር ጉባኤ

በአማርኛችን «ፋፋ» የሚለው ቃል እንደ ምርቃት ያለ ነው። እናት ልጇ ሲፋፋ ልቧ ይረካል፤ ጎረቤትም ድንቡሽቡሽ ያለውን ሕፃን አይቶ «እሰይ፣ አደገልሽ» ይላል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ በአዲስ አበባ ከእህልና ከጥራጥሬ ዱቄት የተዘጋጀው የሕፃናት ምግብ «ፋፋ» ተብሎ መሰየሙ ቃሉ በሕዝብ ዘንድ ምን ያህል የተወደደ እንደ ሆነ ያሳያል። ረኀብ በተመላለሰበት አገር ሥጋ የለበሰ ልጅ ከሞት ያመለጠ ልጅ ነውና፣ ይህን አስተሳሰብ መንቀፍ አይገባንም። ነገር ግን በዘመናችን ወደ ከተሞቻችን ሌላ ዓይነት መፋፋት እየገባ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለመምህርም ለወላጅም አስፈላጊ ሆኗል።

ሐኪም አንድን ልጅ ከልክ በላይ ወፈረ የሚለው በዓይኑ ገምቶ አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ይመዛዘናል። ከዚያ በላይ የሆነው ልጅ ደግሞ በኪሎ ግራም የተገኘው ክብደቱ በሜትር ለተለካው ቁመቱ ሁለት ጊዜ ይካፈልና፣ የተገኘው ቍጥር ለዕድሜውና ለጾታው በዓለም የጤና ድርጅት ከተዘጋጀው ሰንጠረዥ ጋር ይተያያል። በጤና ኬላ የምናየው የክንድ መለኪያ ጥብጣብ የከሳውን ልጅ ለመለየት እጅግ ይጠቅማል፤ የወፈረውን ግን አያሳይም፤ ቁመቱ የቀነጨረውንም አያሳይም። ስለዚህ ጥብጣቡ በአረንጓዴው ላይ ዐረፈ ማለት ሁሉ ነገር ደኅና ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንምጣ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶ 38ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ሲሆኑ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ከመቶ 1 ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት የቀነጨሩት 37፣ የወፈሩት 2 ሆነው ተገኙ። በአማራ ክልል የቀነጨሩት በመጀመሪያው ጥናት ከመቶ 46፣ በሁለተኛው 41 ነበሩ። እንግዲህ አንባቢ «ከመቶ ሁለት ስለሚሆኑ ሕፃናት ይህን ያህል መጻፍ ለምን አስፈለገ?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ሁለቱ በሽታዎች ከአንድ ጓዳ የሚወጡ ስለ ሆኑ ነው።

የምዕራብ ጎጃምን ነገር ተመልከቱ። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ በርበሬና ድንች በብዛት ይመረታል፤ ከዚህ የሚጫነው እህል ሌላውን አገር ይመግባል። ጎተራው ሙሉ ሳለ ልጁ የሚቀነጭረው ስለ ምን ነው? አንደኛው ምክንያት የምግቡ አንድ ዓይነት መሆን ነው። ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው የሚሰጠው የበቆሎ ወይም የጤፍ ቀጭን አጥሚት ሆዱን ይሞላል እንጂ ሥጋና አጥንት የሚገነባበትን በቂ አያገኝበትም። ዶሮ አለ፤ እንቁላሉ ግን ለጨውና ለደብተር መግዣ ወደ ገበያ ይወጣል። ላም አለች፤ ወተቱ ግን ተንጦ ቅቤው ይሸጣል። በዚህ ላይ ተቅማጥና የሆድ ትል ሲጨመር ልጁ የበላውም አይጠቅመውም።

ሁለተኛው ምክንያት በጾም ወራት የሚሆነው ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ባለው ሕፃን ላይ ጾምን አልጫነችም። ይሁን እንጂ ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን ባላነሰ ጊዜ ስለሚጾሙ፣ በእነዚያ ቀናት በብዙ ቤት ወተትና እንቁላል ጨርሶ አይሠራም፤ እናት የጾሙ ድስት በፍስክ ምግብ እንዳይነካ ትፈራለችና። ሕፃኑ ሳይታዘዝ ጾመኛ ይሆናል። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ የራሱ ትንሽ ድስት፣ የራሱ ማንኪያና ሳሕን ይለይለት። ይህን ምክር የጤና ሠራተኛ አሥር ጊዜ ቢናገረው ከሚሰማው ይልቅ የንስሐ አባት አንድ ጊዜ ቢናገሩት ይበልጥ ይሰማል።

በእናት ማሕፀን ካለበት ቀን ጀምሮ ሁለተኛ ዓመቱን እስኪያከብር ያሉት አንድ ሺህ ቀናት የልጁ አካል የሚመሠረትባቸው ናቸው። በእነዚያ ቀናት የተጎዳ ሰውነት ቍጥብነትን ለምዶ ያድጋል። ይህ ልጅ ኋላ ቤተ ሰቡ ወደ ከተማ ገብቶ፣ ወይም ኑሮው ተሻሽሎ፣ ስኳርና ጥብስ በየቀኑ ሲያገኝ ቁመት መሆኑ ቀርቶ ትርፉ በስብ መልክ ይከማችበታል፤ ጎልማሳ በሆነ ጊዜም ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት የተጋለጠ ይሆናል። በአንድ ቤት ውስጥ ታላቁ ወፍሮ ታናሹ ቀንጭሮ መገኘቱም በብዙ አገር የታየ ነው። ሰው ውፍረትን የባለጸጋ በሽታ አድርጎ ያየዋል፤ እኔ በባሕር ማዶ በተማርሁበት ጊዜ ግን በከተሞቹ ይበልጥ የሚወፍሩት የድኾች ሰፈር ልጆች መሆናቸውን ተረድቻለሁ። ርካሹ ምግብ ስኳርና ዘይት ሆኖ፣ መጫወቻው ሜዳ ሲጠፋ፣ ድኽነት ራሱ ያወፍራል።

መምህራን በክፍል ውስጥ ሊያሠሩት የሚችሉትን አንድ ሒሳብ ላመልክት። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ስኳር አለበት፤ ይህም ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ በቀን 1,500 ካሎሪ ያስፈልገዋል ብንል፣ የዓለም የጤና ድርጅት ከተጨመረ ስኳር የሚገኘው ከዚህ ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ፣ ቢቻል ግን የዚያን ግማሽ እንዳያልፍ ይመክራል። ግማሹ 19 ግራም ገደማ ነው። አንዲቱ ጠርሙስ ብቻዋን ይህን አልፋ ሄደች ማለት ነው፤ በዕረፍት ሰዓት የተገዛው ብስኩትና ከረሜላ ገና አልተቈጠረም። ዘይት ግን በአንድ ቃል የሚፈረድበት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የዘይት ፋብሪካ ተመርቋል፤ ዘይት በገበያችን መገኘቱ መልካም ነው። በከሳው ሕፃን ገንፎ ላይ የሚጨመር አንድ ማንኪያ ዘይት ኃይል ይሆነዋል። ያው ዘይት በየቀኑ በቦንቦሊኖና በድንች ጥብስ አድርጎ፣ ውሎውን በስልክ ፊት ተቀምጦ ለሚያሳልፍ ልጅ ሲገባ ትርፍ ነው።

በሌላው ዓለም የከተማ አስተዳደሮች ይህን ችግር ለሐኪም ብቻ አልተዉትም። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የምትገኘው የሶመርቪል ከተማ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ2002 ጀምሮ ከተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆና ወላጆችን፣ መምህራንን፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤቶችን፣ የምግብ ቤት ባለቤቶችንና የከተማውን ሹማምንት በአንድነት አማከረች። የትምህርት ቤቱ ምግብ ተለወጠ፤ ልጆች በእግራቸው እንዲሄዱ መንገዱ ተስተካከለ። በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት የከተማይቱ ልጆች ከሌሎች ሁለት ከተሞች ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ትርፍ ክብደት የጨመሩት በመጠኑ ነበር። በሆላንድ አምስተርዳም ደግሞ ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ልጆች በ2012 ከመቶ 21 የነበሩት በ2015 ወደ 18 ተኩል ወረዱ። ለውጡ ሁሉ ከከተማው ሥራ ብቻ የመጣ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ ነገር ግን ሥራው በየሰፈሩ ነዋሪዎች ተካፋይነት መሠራቱና በትምህርት ቤት ከውሃ በቀር ጣፋጭ መጠጥ እንዳይገባ መደረጉ ልብ የሚባል ነው።

እኛም ከባዶ አንነሣም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ተጀመረ። በ2000 ዓ.ም. የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የሥነ ምግብ ሥራ ደግሞ ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት በየወሩ መዝኖ፣ ውጤቱን ይዞ ከመንደሩ ሰዎች ጋር መወያየትን አስተማረ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች የሆኑትን ሕፃናት መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ገባ፤ ግብርናው፣ ትምህርቱ፣ ውሃውና ጤናው በየወረዳው በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ የሚለው አሳብም ከዚያ ጸና። በ2011 ዓ.ም. የምግብና የሥነ ምግብ ፖሊሲ ወጣ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186ም ጣፋጭ ለስላሳ መጠጦችን ታክስ ከሚከፈልባቸው ዕቃዎች መካከል ቈጥሯል። ነገር ግን አዋጅ በትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ከረሜላ ከሚሸጠው ሰው ጋር አይነጋገርም። ያን የሚያደርግ የሰፈር ሰው ነው።

ስለዚህ በየቀበሌው ሊቋቋም የሚገባው የምክር ጉባኤ ምን ይምሰል? ከዐሥር ሰው አይብለጥ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ አንድ መምህር፣ ከወላጅ መምህር ኅብረት አንድ ሰው፣ አንድ ካህን፣ ሙስሊሞች ባሉበት አንድ ሼህ፣ የእድር ዳኛ፣ የግብርና ባለሙያና ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ሁለት ወይም ሦስት እናቶች ይግቡበት። ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ የምትቸረችረውንም ሴት ጥሩ። ብዙዎች ይህን ምክር ሳነሣ ይደነግጣሉ፤ እርሷ ግን ጠላት አይደለችም፤ የልጆች እንጀራ የያዘች እናት ናት። ከቦንቦሊኖው ይልቅ ቆሎ፣ የሽምብራ ንፍሮ፣ የበቆሎ እሸት፣ ሙዝና ማንጎ ብታቀርብ ገቢዋ እንዳይጎድል ጉባኤው አብሯት ማሰላት አለበት። ካላሰላላት ግን በሩን ለቃ በሚቀጥለው ማእዘን ትቆማለች።

ጉባኤው ማዘዝ ሳይሆን መጠየቅ ይቅደመው። በዚህ ቀበሌ ሕፃን ስድስት ወር ሳይሞላው ምን ይሰጠዋል? ለአራሱ ቅቤ ማላስ ቀርቷልን? የልጆቹ ሜዳ የት ደረሰ፤ ለግንባታ ተሰጠ ወይስ አለ? ከአምስት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መሮጥና መጫወት ያስፈልገዋል። የገጠሩ ልጅ ከብት ሲጠብቅና ትምህርት ቤት ሲመላለስ ከዚህ በላይ ይሠራል፤ የከተማው ልጅ ግን በባጃጅ ሄዶ በባጃጅ ይመለሳል። የትምህርት ቤቱ የውሃ ቧንቧ ከደረቀ ደግሞ «ለስላሳ አትጠጡ» ማለት ከንቱ ነው፤ በመጀመሪያ ቧንቧው ይጠገን።

በአንድ ነገር ላይ አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። የማንም ልጅ ክብደት በስብሰባም ሆነ በክፍል ፊት አይነበብ። የወፈረን ልጅ በቅጽል ስም መጥራት ሜዳውን ያስጠላዋል እንጂ አያከሳውም። ወላጅም ያለ ሐኪም ምክር ልጁን ከምግብ አይከልክል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ መክሳት አያስፈልገውም፤ ክብደቱ ባለበት ቢቆይ ቁመቱ ይደርስበታል። የሚያንኮራፋ፣ ትንሽ ሄዶ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ወይም ውሃ እጅግ እየጠማው ሽንቱ የሚበዛ ልጅ ሲገኝ ግን ጉዳዩ የጉባኤው አይደለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት የብዙ ቀበሌ ስብሰባና የሠራተኞች ጕዞ ተሰናክሏል። ለዚህም ትንሽ ጉባኤ ከትልቁ ይሻላል፤ ሰንበቴ ላይ ወይም ከእድር በኋላ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ይችላልና፣ ከወረዳ የሚመጣ ሰው አይጠብቅም። አንድ ደብተር ይበቃዋል። በአንድ ወር አንድ ነገር ብቻ ይወሰን፤ የሚፈጽመው ሰው ስሙ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ወር ከማንኛውም አዲስ ነገር በፊት ያ ገጽ ይነበብ።