ከሾርባ ማደያው ባሻገር፦ ስለ ኩዌከሮች በጎ አድራጎት ተረትና እውነታ

ኩዌከር ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን የአጃው ካርቶን ነው፤ ባርኔጣ ያደረጉት ፈገግተኛ ሽማግሌ ያሉበት። ኩባንያው ግን ከኩዌከሮች ጋር ዝምድና የለውም። በ1877 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካውያን ነጋዴዎች ስሙን የንግድ ምልክት አድርገው ያስመዘገቡት፣ ኩዌከሮች በሐቀኝነት የተመሰገኑ ስለነበሩ ነው። እውነተኞቹ ኩዌከሮች በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ጆርጅ ፎክስ የጀመረው፣ ራሱን የወዳጆች ማኅበር ብሎ የሚጠራ የክርስትና እንቅስቃሴ ተከታዮች ናቸው። ዛሬ በቁጥር የሚበዙትም ከእንግሊዝ ይልቅ እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ነው።

ስለ በጎ አድራጎታቸው የሚነገረውም እንደ ካርቶኑ መታረም ያለበት ነገር አለው። ምሳሌ የማደርገው በኋላ ኪትካትን ለዓለም ያስተዋወቀው የቸኮሌት ፋብሪካ ባለቤት፣ የዮርክ ከተማው ጆሴፍ ራውንትሪ በ1904 ያቋቋማቸውን ትረስቶች ነው፤ ትረስት ማለት ለአንድ ዓላማ የተሰጠን ሀብት በባለአደራዎች የሚያስተዳድር ተቋም ነው።

"እርዳታው ሃይማኖት ለማስቀየር ነው"

ጥርጣሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። በአየርላንድ ታላቅ ረሃብ ጊዜ ሾርባ እየሰጡ "እምነታችሁን ለውጡ" የሚሉ ነበሩ። ኩዌከሮች ግን በ1846 ደብሊን ውስጥ ኮሚቴ አቋቁመው ምግብ፣ ልብስና ዘር ሲያድሉ የማንንም እምነት አልጠየቁም፤ አየርላንዶች ይህን ዛሬም በበጎ ያነሡላቸዋል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም፣ አገሩ ሁሉ በጠላትነት ያያት የነበረችውን የጀርመንን ሕፃናት መግበዋል። ወንጌል የሚሰብኩ ኩዌከሮች የሉም አልልም። በ1902 ኬንያ፣ ካይሞሲ የደረሱት አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ነበሩ። በአየርላንድና በጀርመን ግን እንጀራው በእምነት አልተመዘነም።

"በጎ አድራጎት የተራበ ማብላት ነው፤ ሌላው ፖለቲካ ነው"

ከሁሉም በላይ መታረም ያለበት ይህ ይመስለኛል። የአየርላንዱ ታሪክ ራሱ ያስተምራል። በ1849 መንግሥት ሥራውን እንዲቀጥሉ ሲጠይቃቸው የደብሊን ኩዌከሮች አይሆንም አሉ። አቅማቸው ተሟጦ ነበር፤ ግን ሌላም ምክንያት ነበራቸው። ችግሩ በግለሰቦች ምጽዋት ከሚወጣው በላይ እንደሆነ፣ መፍትሔው በመንግሥት እጅና በመሬት ሥሪቱ ለውጥ ውስጥ እንዳለ አይተዋል። በዓመቱ፣ በ1850፣ የ14 ዓመቱ ጆሴፍ ራውንትሪ ከአባቱ ጋር አየርላንድ ሄዶ ረሃቡ ያደረሰውን በዓይኑ ተመለከተ።

የጆሴፍ ልጅ ሲቦም ደግሞ በ1899 የዮርክን ሠራተኛ ቤተሰቦች ቤት ለቤት አስጠንቶ፣ ከከተማዋ ሕዝብ 28 በመቶ ያህሉ በድህነት እንደሚኖር በ1901 ባሳተመው መጽሐፍ አሳየ። የብዙዎቹ ድህነት ምንጭ ስንፍና ሳይሆን፣ ሙሉ ሳምንት ተሠርቶም ቤተሰብ የማያኖር ደመወዝ ነበር። አባትየው በ1904 ከሀብቱ ግማሽ ያህሉን ለሦስት ትረስቶች ሲያስረክብ በጻፈው ማስታወሻ፣ ለሾርባ ማደያ ገንዘብ ማግኘት እንደማይቸግር፣ ድህነት ከየት እንደሚመጣ ለማጥናት የሚሰጥ ሰው ግን ጥቂት እንደሆነ ለባለአደራዎቹ አስገንዝቧል። የጠየቃቸው የችግሩን ሥር እንዲፈልጉ ነው።

ሦስት ያደረጋቸው በምክንያት ነው። አንዱ የሠራተኛ መንደር እንዲያስተዳድር፣ ሁለተኛው በበጎ አድራጎት ሕግ ውስጥ ሆኖ ለማኅበራዊና ለሃይማኖታዊ ሥራ እንዲሰጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ የፖለቲካ ለውጥን እንዲደግፍ ነበር። ሕጉ የፖለቲካ ልገሳን በጎ አድራጎት ብሎ ስለማይቀበል ሦስተኛው ኩባንያ ሆኖ ተመዘገበ፤ እስከ ዛሬም ከገቢው ግብር ይከፍላል። ይህን እጅግ አከብረዋለሁ፤ ፖለቲካን በምጽዋት ስም አልሸፈነም።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 621/2001 (የአዋጆቹ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብትና በግጭት አፈታት እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። ስንዴ ማደል ተፈቀደ፤ ስንዴው ለምን እንደጠፋ መጠየቅ ግን ተከለከለ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስኪሽረው ድረስ ስንት ማኅበር ተዳክሟል፣ ስንቱስ ሥራውን ቀይሯል።

"ብጽፍላቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፍኑልኛል"

አይሸፍኑም። የራውንትሪ የበጎ አድራጎት ትረስት በግል ለተቸገረ ሰው ወይም ለነፃ የትምህርት ዕድል ገንዘብ አይሰጥም፤ የሚሰጠው በመረጣቸው ዘርፎች ለሚሠራ ሥራ ነው፣ ያውም በአብዛኛው ብሪታንያ ውስጥ ላለ። ሌሎች ኩዌከር ትረስቶች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው፣ ከመጻፍ በፊት የሚሰጡበትን ዘርፍና አገር ማንበብ ብዙ ድካም ያድናል። ራውንትሪ ለትምህርት ደንታ ስላልነበረው ግን አይደለም፤ እሱ ራሱ ለብዙ ዓመታት እሑድ እሑድ ለአዋቂ ሠራተኞች ማንበብና መጻፍ አስተምሯል።

"ሰላም ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው"

ኩዌከሮች ጦር አናነሣም ያሉት ከ1660 ጀምሮ ነው። እምቢታቸው ግን ከአደጋ አላራቃቸውም። ጠመንጃ አንይዝም ያሉ ወጣቶች ያቋቋሙት የአምቡላንስ ቡድን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቁስለኛ ሲያነሣ ቆይቷል፤ ከጣሊያን ወረራ ማብቂያ በኋላ በ1942 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በሕክምና ያገለገሉ አባላትም ነበሩት። በናይጄሪያና በቢያፍራ ጦርነት ጊዜ ደግሞ አዳም ከርልን የመሰሉ ኩዌከሮች በሁለቱ ወገኖች መካከል መልእክት እያመላለሱ፣ ከካሜራ ርቀው ሸምግለዋል። ከርል በ1973 በብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሰላም ጥናት የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ሆኗል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ድጋፍ መስጠት ከባድ ነው፤ ሽምግልና እንደ ዳቦ ተቆጥሮ ለለጋሽ አይታይም፤ ያልፈነዳ ጦርነትም ፎቶ የለውም።

"የመልካም ሰዎች ገንዘብ ንጹሕ ነው"

የኮኮዋው ታሪክ ይህን አይደግፍም። ካድበሪ፣ ፍራይና ራውንትሪ፣ ሦስቱም የኩዌከር ፋብሪካዎች፣ ከፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ከሳኦ ቶሜ ኮኮዋ ይገዙ ነበር። እዚያ ያለው ሥራ ስሙ ውል ይሁን እንጂ በተግባር ባርነት ነበር። ወሬው ለካድበሪ የደረሰው በ1901 ነው፤ መርማሪ የተላከው በ1905፣ ግዢው የቆመው በ1909። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ሰዎች በእርሻው ላይ እየሞቱ ነበር።

የራውንትሪ የበጎ አድራጎት ትረስት ባለአደራዎች በ2021 ይህን በይፋ አመኑ፤ ሀብቱ በሳኦ ቶሜው ኮኮዋም፣ በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የነበረው የፋብሪካው ቅርንጫፍ ኩባንያ በሠራተኞቹ ላይ በፈጸመው ጭቆናም መነካካቱን ገልጸው ይቅርታ ጠየቁ። መስራቹ የድህነትን ሥር ፈልጉ ብሏቸው ነበር፤ ፍለጋው ወደራሳቸው ካዝና ሲያደርሳቸው አላቆሙትም። ለዚያ ዕዳ የሚገባው ካሳ ምን ያህል እንደሆነ፣ ለማንስ እንደሚከፈል ገና ያልተዘጋ ጥያቄ ነው።