ወረቀቱ ደህና ነው፤ ዕቃውስ ተፈትኗል?

በዚህ ዓምድ ስለ ታክስና ስለ ሂሳብ መዝገብ ስናወጋ ቆይተናል። ዛሬ ግን ወደ ዕቃው ልግባ፤ ኪሳራው በመጨረሻ የሚያርፈው መዝገባችሁ ላይ ነውና።

አንድ ባለሱቅ ደንበኛዬ በስልክ የሚታዘዙ አምፖሎች ከውጭ በጅምላ አስመጣ። ሱቅ ውስጥ ሲሞከሩ ሁሉም በሩ። ገዢ ቤት ሲገቡ ግን አንዳንዶቹ ከሌላ ክፍል የተላከላቸውን ትእዛዝ አልሰማ አሉ። አቅራቢውን ቢጠይቅ «የኤፍ ሲ ሲ ፈቃድ አለው» ከማለት በቀር መልስ አላገኘም። መልሱ እውነት ነው፤ ጥያቄው ግን ሌላ ነበር።

የአሜሪካ ኤፍ ሲ ሲ ፈቃድ የሚገኘው የሞዴሉ ናሙና ተለክቶ ነው። ቀጥሎ የሚመረተው ሁሉ እንደ ናሙናው እንዲሆን የማድረጉ ኃላፊነት የባለፈቃዱ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ መፈተን ደግሞ የፋብሪካው ሥራ ነው። «ቺፑ ተፈትኖ ነው የመጣው» ቢሏችሁ አይበቃም፤ ክሪስታሉ፣ አንቴናውና ብየዳው የሚጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

በእንደዚህ ያሉ ዕቃዎች ውስጥ ብሉቱዝም፣ ዚግቢም፣ ስሬድም የሚችል አንድ ቺፕ ይገኛል። ሦስቱም ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ይጠቀማሉ። ሰው አማርኛም ኦሮምኛም ትግርኛም ቢናገር ጉሮሮውና ጆሮው ያው እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም ሬድዮው አንድ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ቋንቋውን ሁሉ በየተራ ከመፈተን ይልቅ ሬድዮውን ሊፈትን ይችላል፤ የሚያስተላልፍበት ጉልበት በቂ ነው ወይ? ሞገዱ ቦታውን ስቷል ወይ? ደካማ መልእክቶች ሲላኩለትስ ስንቱን ይቀበላል?

ወጥመዱ ሁለተኛው ላይ ነው። የብሉቱዝ ደንብ ሞገዱ እስከ 150 ኪሎኸርዝ ቢዛነፍ ይፈቅዳል። የዚግቢና የስሬድ መሠረት የሆነው ደንብ ግን ከሚሊዮን 40 እጅ በላይ አይፈቅድም፤ ይህም በ2440 ሜጋኸርዝ ላይ ሲሰላ ወደ 98 ኪሎኸርዝ ነው። 120 የተዛነፈ አምፖል በብሉቱዝ ልክ ያልፋል፤ በሌላው ልክ ግን ወድቋል። እንግዲህ አንድ ጊዜ መለካት ይበቃ ይሆናል፤ ማለፊያው ግን የጥብቁ ደንብ ይሁን።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። 300 አምፖል በ7 ዶላር ገዝታችሁ በ10 ብትሸጡ ትርፉ 900 ዶላር ነው። ከመቶ 10 እጁ ተበላሽቶ ቢመለስና ገንዘብ ብትመልሱ 300 ዶላር ሄደ፤ የትርፋችሁ ሲሶ ማለት ነው። የቀረውን ደንበኛ ሂሳብ ውስጥ አላስገባሁትም።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። የፈቃዱን ቁጥር ኤፍ ሲ ሲ ለሕዝብ ክፍት ባደረገው መዝገብ ውስጥ ፈልጉ። የእያንዳንዱን ዕቃ የፍተሻ ውጤት ከነመለያ ቁጥሩ፣ በየትኛው ደንብ ልክ እንደተፈተነም ጠይቁ። ፍተሻውን ያላለፈው በአቅራቢው ወጪ እንዲመለስ ውላችሁ ውስጥ አስገቡ።

ባለታክሲዎችም፤ መኪናችሁ ላይ ሰክታችሁ በስልክ የምታነቡት የብልሽት ጠቋሚም ሬድዮ ነው። ስትገዙ ፈቃዱን እዩ፤ በደረሰኝ ግዙ፤ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ሞክሩት።

ርካሽ ዕቃ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ለምን እንደረከሰ ግን ጠይቁ። በሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን።