የሥዕሉንና የሳይንሱን ሰዓት አትንኩት

በሥራ ላይ ባለው ሥርዓተ ትምህርት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ በሳምንት ውስጥ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን፣ እንግሊዝኛን፣ ሒሳብን፣ አካባቢ ሳይንስን፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻን፣ የክወናና የእይታ ጥበባትን እንዲሁም ግብረ ገብን ይማራል። በተግባር ግን ወላጅም ትምህርት ቤትም እነዚህን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያያቸው፤ ቋንቋና ሒሳብ ቁም ነገር፣ የቀሩት ሰዓት መሙያ። የሒሳብ ትምህርት ወደ ኋላ ከቀረ ማካካሻው ከሥዕል ሰዓት ይወሰዳል። ፈተና ሲቃረብ ስፖርቱ ይታጠፋል። ሳይንሱም ከሰሌዳ ላይ ማስታወሻ መገልበጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን የሚያደርጉት ለልጆቹ አስበው መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ንባብን እናጠንክር ብለን ከእነዚህ ሰዓቶች ላይ ስንቆርስ የምንጎዳው ንባቡን ራሱን ነው።

ሥጋቱ መሠረት አለው። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክም በኢትዮጵያ በ10 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉ ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ ገምቷል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው የንባብ ሰዓት ይጨመር» ቢል አይፈረድበትም። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ልጅ እውነትም ነው፤ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ በድምሩ 231 ሆሄያትን ለይቶ አቀላጥፎ ለማንበብ የዕለት ተዕለት ልምምድ እንጂ ሌላ አቋራጭ የለም። ፊደል ከተለየ በኋላ ግን ችግሩ መልኩን ይቀይራል። ልጁ እያንዳንዱን ቃል ጥርት አድርጎ ያነባል፤ ምን እንዳነበበ ሲጠየቅ ግን መልስ ያጣል። የሚጎድለው ጽሑፉ ስለሚናገርለት ነገር ያለው ዕውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሬክት እና ሌስሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 64 ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ አስነበቡና ያነበቡትን በትንንሽ የእንጨት ምስሎች ሠርተው እንዲያሳዩ ጠየቋቸው። በንባብ ደካማ የተባሉት፣ ጨዋታውን ግን የሚያውቁት ልጆች፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት ይልቅ ታሪኩን ተረድተው ተገኙ። በእኛም መማሪያ መጽሐፍ ስለ አፈር መሸርሸር የሚናገር ምንባብ ሲመጣ፣ እርከን ምን እንደሚሠራ በአካባቢ ሳይንስ ሰዓት የተማረው ልጅ ምንባቡን ግማሽ መንገድ ሄዶ ይጠብቀዋል።

ነገሩን በአንድ ፍሬ ሽምብራ ማየት ይቻላል። ሰኞ በሳይንስ ሰዓት ልጆቹ ሽምብራውን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ። ማክሰኞ አብጦ ሲያገኙት ከደረቁ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው በማስመሪያ ይለካሉ፣ ልዩነቱን በሚሊ ሜትር ይቀንሳሉ፤ ይህ ሒሳብ ነው። ከዚያ በርጥብ ጥጥ ላይ ያኖሩትና በየቀኑ ያዩታል። ነጩ ሥር ብቅ ሲል በሥዕል ሰዓት ይሥሉታል። ሥዕሉ ጌጥ አይደለም፤ ሊሥለው የተቀመጠ ልጅ ሥሩ ከየትኛው ጫፍ እንደወጣ፣ ቅርፊቱ የት ላይ እንደተሰነጠቀ አተኩሮ ማየት ግድ ይሆንበታል። ፍሬውን ቢገለብጡትም ሥሩ ታጥፎ ወደ ታች እንደሚያመራ ሲያዩ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ያለ መምህሩ ጉትጎታ ይመጣል። ዓርብ በቋንቋ ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ ያዩትን በአንድ አንቀጽ ይጽፋሉ። «ዘፈዘፍን፣ አበጠ፣ ተሰነጠቀ፣ በቀለ» የሚሉት ቃላት በቃል የተሸመደዱ ሳይሆኑ በእጅ የተዳሰሱ ናቸው። እናቱ ቤት ውስጥ ብቅል ስታበቅል የሚያይ ልጅ ደግሞ የሚጨምረው አያጣም።

በሰዓት መቁረስ መንገድ የሄደ አገር የት እንደደረሰም መረጃ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ሕግ ሆኖ የወጣው የትምህርት አዋጅ ትምህርት ቤቶችን በንባብና በሒሳብ ፈተና ውጤት ተጠያቂ አደረገ። ከ5 ዓመት በኋላ በተደረገ ጥናት፣ 62 በመቶ የሚሆኑት የትምህርት ወረዳዎች በመጀመሪያ ደረጃ ለነዚህ ትምህርቶች የሚሰጠውን ጊዜ ሲጨምሩ፣ 44 በመቶው ከሌሎቹ ትምህርቶች ላይ ቀንሰዋል። የአገር አቀፉ ምዘና የ8ኛ ክፍል የንባብ ውጤት ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ከነበረበት 264 ነጥብ በ2007 ወደ 263 ዝቅ አለ። ይህ ብቻውን ምክንያቱን አያረጋግጥም፤ ብዙ ነገር ውጤት ላይ ይሠራል። ሰዓት ማግበስበስ የተጠበቀውን ያህል እንዳልፈየደ ግን ግልጽ ነው።

መምህራን የሚያነሱት ቅሬታ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ ቁሳቁስ የለም፣ የመጽሐፉን ምዕራፎች በዓመቱ መጨረስ ግዴታ ነው፣ የ6ኛ ክፍል ፈተናም ይጠብቃል። ሒሳብ ደግሞ የራሱ ቅደም ተከተል አለው፤ ማካፈል ከማባዛት በፊት አይመጣም፣ ሽምብራም ማካፈልን አያስተምርም። ልክ ናቸው። ስለዚህም የምለው ሁሉም ትምህርት ይደባለቅ አይደለም። ፊንላንድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ ባዋለችው ሥርዓተ ትምህርት የትምህርት ዓይነቶቹን አላፈረሰችም፤ ተማሪው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ በርካታ ትምህርቶችን ባጣመረ ርዕስ ላይ እንዲሠራ ነው የደነገገችው። እኛም አንድ ርዕስ በወር አንዴ ከሁለት ሦስት ክፍለ ጊዜ ቢያልፍ ብዙ ነው። ዝቅተኛ ክፍሎችን አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይዞ በሚያስተምርበት ቦታ ይህ የሰውን ፈቃድ አይጠይቅም። መምህራን በየትምህርቱ በተለያዩበት ደግሞ የሳይንስና የቋንቋ መምህሮቹ የሳምንት ዕቅዳቸውን ሲያወጡ ጥቂት ደቂቃ ቢነጋገሩ ይበቃል። ሽምብራና ጥጥ ለ60 ተማሪ ክፍልም የሚከብድ ወጪ አይደለም። በስፖርት ሰዓት ከሩጫ በፊትና በኋላ የልብ ምትን ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ምንም ገንዘብ አይፈልግም።

ወላጆች በወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው የልጃችንን የሒሳብና የእንግሊዝኛ ውጤት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ ጥያቄም እንጨምር፦ ባለፈው ወር ስንት የሥዕል፣ የስፖርትና የሳይንስ ክፍለ ጊዜ በማካካሻ ተወሰደ? መልሱን ርዕሰ መምህሩ በቁጥር ይንገሩን፤ የተወሰደው ሰዓትም ይመለስ።